የሁዳዴ ጨው

የእኔ ወጥ እንደ ሆዴ ነው። ደስ ያለኝ ቀን ድንቹን በእርድ አልጫ እሠራዋለሁ፤ ቃሪያውን ሰንጥቄ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ሳልሰስት ጨምሬ፣ ክዳኑን ስከፍት ለራሴ ፈገግ እላለሁ። የተናደድኩ ቀን በርበሬ ይበዛል። ባለቤቴ ገና አንድ ጉርሻ እንደዋጠ «ዛሬ ደግሞ ማን አናደደሽ?» ይለኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያናደደኝ እሱ ራሱ ነው። ሲከፋኝ ቀጭን ሽሮ እሠራለሁ። እንጅባራ ጉሙና ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ሽሮ የምንበላበት ጊዜ አለ። ልኬት የሚባል ነገር አላውቅም። ዳንግላ ሳድግ እናቴ ያስተማረችኝ በእጅ መጨመርን ነው፤ እጅ ደግሞ የሚታዘዘው ለሆድ ነው።

ፍርሃት ግን የራሱ ወጥ የለውም። ይህን ያወቅሁት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ወደ ቤታችን ከመጡ ወዲህ ነው።

አማቴ ዘንገና አካባቢ ከሚገኘው ቤታቸው የመጡት ድንች ሲያስወጡ ማሳው ላይ ወድቀው ነው። ሐኪሙ ግፊት ነው አለ። መድኃኒቱን ካዘዘ በኋላ ልጃቸው አጠገቤ ቆሞ ሳለ ወደ እኔ ዞረና «ጨው ይቀነስላቸው። ሁለተኛ ከወደቁ ላይነሱ ይችላሉ» አለኝ። በቤቱ ውስጥ ጨው በማን እጅ እንዳለ ያውቃል። ባለቤቴ የእህል መኪና ይነዳል፤ አብዛኛውን ሳምንት የሚያሳልፈው ጫግኒ ነው። «አንቺ ካለሽ አላስብም» ብሎኝ ሄደ። እሱ የተወውን ሐሳብ እኔ ተሸከምኩት።

ከዚያ ወዲህ እጄ ፈራ። ጨው ቆንጥሬ ግማሹን እመልሳለሁ፤ የቀረውንም ድስቱ ላይ ይዤ እቆማለሁ። ጨው ስፈራ በርበሬውንም ፈራሁ፣ ነጭ ሽንኩርቱንም ፈራሁ። ወጡ የበሽተኛ ወጥ ሆነ። አማቴ አያማርሩም። ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይቀመጣሉ፤ የማማሰያውን ድምፅ ሰምተው ግን ውስጤን ያውቁታል። «አንች፣ ያ ድስት ምን በደለሽ?» ይሉኛል፣ ሳይዞሩ። አንድ ቀን ብቻ ድንቹን አላምጠው አላምጠው ሲያበቁ፣ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል ይባል ነበር፤ ይኸ ጨው ግን ከነጭራሹም አልመጣም» አሉና በአዊኛ የሆነ ነገር ጨምረው ሳቁ። ምን እንዳሉ አልጠየቅኋቸውም።

በዚህ ላይ ሁዳዴ ገባ። የሁዳዴ ወጥ አይቀመስም። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ምላስ ላይ ጠብ ካለ ጾም መግደፍ ነው፤ ስለዚህ ሴት ሁሉ ጨውን የምትለየው በማሽተት ነው። እኔም በዚህ አልታማም ነበር። አማቴ ስለ መድኃኒቱ ቀደም ብለው እንዲበሉ የንስሐ አባታቸው ፈቅደውላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን እምቢ አሉ። «እግዜር ሲጠይቀኝ ግፊት ነበረብኝ ልበለው?» አሉኝ። በቤቱ ውስጥ ወጥ የሚቀምስ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ጠዋት «ራሴን ከበድ አለኝ» ብለው ተነሡ። ባለቤቴ ጋ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። እንደገና ደወልኩ፤ የለም። ከሰል አያይዤ ሽንኩርቱን ጣድኩ። አቁላላለሁ፣ ሮጥ ብዬ አያቸዋለሁ፤ በርበሬ እጨምራለሁ፣ ሄጄ አያቸዋለሁ። ዱካቸው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ጋቢው ከፍ ዝቅ ሲል ካላየሁ አልመለስም። ድንቹ እየበሰለ ሳለ አንድ ጊዜ ስመለስ የጨው ጣሳው ክዳን በእጄ ነው።

ጨምሬያለሁ ወይስ አልጨመርኩም?

ድስቱን አየሁት። ጨው ምልክት አይተውም። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ፤ በርበሬው ዓይኔን አስለቀሰኝ እንጂ ሌላ ያወቅሁት ነገር የለም። ከመረቁ ትንሽ በማማሰያው አነሣሁና ወደ ከንፈሬ አስጠጋሁት።

«አንች፣ ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም» አሉ አማቴ፣ ሳይዞሩ።

መለስኩት። ጨው ባይኖረውም ማንንም አይገድልም፣ ይቅር ብዬ ነበር። ግን የትናንቱ ምግባቸው ከትሪው ላይ ሳይነካ እንደቀረ ትዝ አለኝ። ዛሬም ካልበሉ መድኃኒቱን በባዶ ሆዳቸው ሊውጡት ነው። እንዲህ እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ እጄ ቆንጥሮ ጣለበት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጸሎት አድርሰን ቀረብን። እሳቸው በሉ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳያቆሙ፣ ሳያማርጡ በሉ። ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ፤ የራሴን ረስቼ አያቸው ጀመር። «ልጨምርልዎት?» አልኩ። «ጨምሪ» አሉ። ጨመርኩላቸው። ከዚያ እኔም ጎረስኩ።

ጨዋማ አይባልም፤ ይመር ነበር። ሁለት ጊዜ ጨምሬያለሁ፣ ምናልባትም ከሁለት በላይ። ትሪውን ከፊታቸው ሳብኩት።

«እማማ፣ አላወቁትም?»

«በመጀመሪያዋ ጉርሻ አወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን በሉት?»

ጣታቸውን ጠረጉ። «እጅሽ ፈርቷል ልጄ። ዛሬ አበላሸሽ ብልሽ ከነገ ጀምሮ ድስት አትጥጅም። እኔ ደግሞ እዚህ ያለሽኝ አንች ነሽ።»

በእሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ቢሞቱብኝስ? ለልጅዎ ምን ልለው ነው? በወጥ ገደልኳቸው ልበለው?» አልኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ውኃ አጠጣኋቸው፣ ደግሜ አጠጣኋቸው፤ እስኪመሽ ድረስ ፊታቸውን ስጠብቅ ዋልኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለው ተረት ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ሲነጋ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ነርሷ ለካቻቸውና «ከፍ ብሏል፤ ግን የሚያሰጋ አይደለም» አለች። እንደገና ለኪልኝ አልኳት። ለካች። ያው ነው።

ቤት እንደገባን አማቴ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ የጨው ጣሳውን ከመደርደሪያው አነሡና ነጠላው ሥር አስገቡት። «ከዛሬ ወዲያ ጨው ከእኔ ትጠይቂያለሽ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ሆነ። ድስቱ ሲንተከተክ መዳፌን እዘረጋለሁ፤ እሳቸው ቆንጥረው ያስቀምጡልኛል፤ እኔ እጨምራለሁ። ምን ያህል እንደሆነ አላስብም። እጄ ከጨው ሐሳብ ሲያርፍ በርበሬው ተመለሰ፣ ኮረሪማው ተመለሰ፣ ንዴቴም ሳይቀር ድስት ውስጥ ተመለሰ። ለፋሲካ የመጣው ባለቤቴ አንድ ጉርሻ ውጦ «ማን አናደደሽ?» ሲለኝ ደስ አለኝ። የእሳቸውም ግፊት ረጋ። ነርሷ «ማን ነው የሚያበስልላቸው? ጎበዝ ነው» አለችኝ። ጨው የሚይዙት እሳቸው ናቸው አላልኳትም።

አሁን ክረምት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ስለሚመጣ ከሌሊት ጀምሮ የዘነበው ዝናብ እንኳ አልከፋኝም ነበር። የአዲስ ድንች አልጫ ጣድኩ። መዳፌን ዘረጋሁ፤ አማቴ ጨውን ሰጡኝ፤ ጨመርኩት። ቃሪያ ለመሰንጠቅ ወደ መክተፊያው ዞር አልኩ።

«ነይ እንጅ፤ ጨውሽን ሳትወስጅ ምነው?» አሉ።

ዞሬ አየኋቸው። ቆንጥረው ዘርግተውልኛል። ሲቀልዱብኝ የግራ ዓይናቸውን ጠበብ የማድረግ ልማድ አላቸው፤ ያን ፈለግሁ። አላገኘሁትም። ፊታቸው እንደሁልጊዜው የረጋ ነው፤ ከጣታቸው አንዲት ፍሬ ጨው እንኳ አልወደቀችም።

አሁን ሰጥተውኛል ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ያን የመረረ ወጥ ጨምሪ እያሉ ሲበሉልኝ ታየኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

«ምን ሁነሽ? ዘርጊ እንጅ።»

መዳፌን ዘረጋሁና ተቀበልኳቸው። ጨብጬው ወደ ድስቱ ሄድኩ፤ ክዳኑን አነሣሁ፤ እንዲሰሙት አድርጌ በሌላው እጄ ደህና አድርጌ አማሰልኩት።

«በቃው?» አሉ ከኋላዬ።

«በቃው፣ እማማ» አልኳቸው፤ ጨው በጭብጤ ውስጥ በላቤ እየሟሟ።