የላይኛው ቦኖ ነፋስ

በተከራየሁበት ቤት ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ከመምጣቱ በፊት ቧንቧው ያፏጫል፣ ከዚያ ይስላል፣ ከዚያ ዝገት የቀላቀለ ውሃ ይተፋል። ትናንት ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ያን ፉጨት ሰማሁ። ባልዲ መደቀን ነበረብኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ሳልነሳ ብዙ ቆየሁ። ሐሳቤ ወዳደግኩባት ደብረ ታቦር ሄዶ ነበር።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። አባታችን በሚሊሺያነት ወደ ሰሜን ከሄደ ቆይቷል፤ እናታችን ወገቧን ስለሚያማት ከቤት አትርቅም። ታላቅ እህቴ በዚህ የተነሳ ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ፣ ከዓመታት በኋላ በማታው ትምህርት ስምንተኛ ደርሳ ነበር። ቤቱን የያዘችው እሷ ናት፤ ቤት መያዝ ማለት ደግሞ ከሁሉ በፊት ውሃ መቅዳት ማለት ነበር።

ሰፈራችን ዳገቱ አናት ላይ ነው። ቀበሌው ያስተከለልን ቦኖ ውሃ የሚያገኘው ገበያው አካባቢ ያሉት ታችኞቹ ሲዘጉ ብቻ ነበር። እነሱ ሲከፈቱ ግፊቱ ይወርድና ወደ እኛ የሚወጣው መስመር ባዶውን ይቀራል፤ አየር ይሞላዋል። ማታ ማታ ሲዘጉ ውሃው እንደገና ቀስ እያለ ዳገቱን ይወጣል። ይህን ያስረዱን የፊዚክስ አስተማሪያችን ናቸው። ብርጭቆ ደፍተው ባልዲ ውስጥ እየነከሩ፣ «አየሩ ካልወጣ ውሃው የት ይግባ?» ይሉን ነበር።

እህቴ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የምትፈተንበት ዕለት፣ ገና ሳይነጋ ቦኖው ጋ ተሰለፍን። ጉም ነበር። የእርጥብ ሸክላና ጭስ የጠጣ ነጠላ ሽታ ይሸተኛል። በማግስቱ እናቴ ማኅበር የምታወጣበት ተራዋ ነው፤ የጠላው ድፍድፍ የዚያን ጠዋት ውሃ ካልተጨመረበት አይደርስም። «ማኅበርተኛው ፊት ምን ልሆን ነው? መጀመሪያ ውሃው ይምጣ፣ ፈተናው ይደርሳል» ብላለች ከመደቡ ላይ ሆና። እንስራውን መሸከም ለእኔ አይሆንልኝም፤ ሞክሬ አንዱን ሰብሬያለሁ። ስለዚህ እህቴ እርሳሷን ሹሩባዋ ውስጥ ሰክታ፣ እንስራውን አዝላ መጣች። ውሃውን እቤት አድርሳ ከዚያው ወደ ፈተናው ልትሄድ ነው።

የቦኖው ጠባቂ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ ያስሩታል። ሲከፍቱት ቧንቧው አፏጨ።

«ነፋስ ነው» አሉና ዘጉት።

«እስቲ ትንሽ ይተዉት፣ እትዬ» አለች እህቴ።

«ልተወውና ቆጣሪው በነፋስ ይዙር? ቀበሌ እኮ ነፋስ ነው ውሃ ነው ብሎ አይጠይቀኝም።»

ከኋላችን ያለች ሴት፣ «ግዴለም ይክፈቱልን፣ ነፋሱን በነጠላችን ቋጥረን እንሄዳለን» አለች። ሰልፉ ሳቀ። ጠባቂዋ አልሳቁም።

ጥቂት ቆይተው ከፈቱ፤ አፏጨ፤ ዘጉ። ደግመውም እንደዚያው። ጉሙ እየሳሳ ከታች የገበያው መንገድ መታየት ጀመረ። ታችኞቹ ቦኖዎች ከተከፈቱ ደግሞ እስከ ማታ አለቀ። ከትምህርት ቤቱ የመጀመሪያው ደወል ሲደወል እህቴ ወደዚያ አላየችም፤ የእንስራውን አፍ ብቻ በእጇ ታብስ ነበር።

ሰው ፊት መናገር አልወድም፤ ዛሬም አልወድም። እጅጌዋን ጎትቼ በሹክሹክታ ነገርኳት፤ «አየሩ ወጥቶ እስኪያልቅ ካልተዉት ውሃው አይመጣም።»

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእሳቸው ንገሪ እንጂ።»

«አልችልም።»

«እኔ ብናገር ቸኩላ ነው ይሉኛል። አንቺ የተማርሽው ነው።»

ወደፊት ወጣሁ። «እትዬ፣ ውሃውን የከለከለው ውስጥ ያለው አየር ነው። ሲዘጉት እዚያው ይቀራል። ቢተዉት ውሃው እየገፋ ያስወጣዋል።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ይቺ ልጅ አፍ አላት እንዴ?»

«ዛሬ አወጣች» አለች እህቴ።

ያቺ በነጠላው የቀለደችው ሴት አሁንም ሳቀች፤ ሳቋ ግን የእኛን ወገን የያዘ ነበር። «ይክፈቱት እስቲ፣ ነፋስ መቁጠር ከቻለች ትቁጠር» አለች። ጠባቂዋ ቁልፉን አዞሩና እጃቸውን አነሱ።

ረጅም ፉጨት ነበር። የቆጣሪው ቀጭን መርፌ በባዶው ይሮጣል፤ ጠባቂዋ ዓይናቸውን ከእሱ አልነቀሉም። እህቴ እጄን ያዘችኝ፤ ጣቶቿ በረዶ ነበሩ። ከዚያ ቧንቧው ሳለ፣ ቀይ ውሃ ተፋ፣ ቆየና ጠራ።

«ተራችሁን ጠብቁ» አሉ ጠባቂዋ።

እህቴ ውሃው እየተናጠ እንዳይፈስባት እንስራው አፍ ላይ እፍኝ ቅጠል ጣል አደረገች፤ ደግፌ አሸከምኳት። እቤት ደርሳ ገለበጠችውና፣ ጀርባዋ እንደራሰ ቁልቁል ሮጠች። የትምህርት ቤቱ በር ሊዘጋ ሲል ደረሰች። ውጤቱም ሲመጣ አልፋለች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ዘጠነኛን በማታው ተመዘገበች። ውሃው ግን አንዳንዴ ንጋት ላይ፣ አንዳንዴ ልክ የማታው ትምህርት በሚጀመርበት ሰዓት ይመጣል፤ ጠላም ባይኖር የሚበላና የሚታጠብ አለ። እኔ በትንሿ ጀሪካን የማመጣው ለምንም አይበቃም። የገና በዓል ሳይደርስ ደብተሮቿን አጥፋ አስቀመጠቻቸው። ለምን ስላት፣ «አንዳችን እንጨርስ። አንቺ ተቃርበሻል» አለች፤ ድስት እያጠበች ነበር፣ ቀናም አላለች።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ጊዜ ሻንጣዬን አላስነካ ብላኝ፣ በአንበሳሜ ከተማ በኩል የሚወርደው አውቶቡስ ድረስ ራሷ ያዘችልኝ። ሳመችኝና፣ «ብርዱ ሳይጠና ልመለስ» ብላ ሄደች። በመስኮቱ በዓይኔ ተከተልኳት። ዳገቱን የምትወጣው በባዶ ጀርባዋ ነው፤ ግን ጎንበስ ብላ፣ ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ የእንስራ ገመድ እንደያዘ ሰው ጨብጣ ነበር የምትራመደው። የተሸከመችው አለመኖሩን ማንም የነገራት አይመስልም። አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ድረስ ቀና አላለችም።