ሥጋ አለ፣ ሞራ የለም

ደባርቅ በግ ተራ ውስጥ የበግ ወገብ ጨብጦ ክብደቱን የሚናገር ሰው ሞልቷል፤ የማይሳሳቱት ግን ሁለት ብቻ ናቸው፤ ቢራራና ያርጋል። ሁለቱም ደላሎች ናቸው፤ ሁለቱም ኃምሳን አልፈዋል፤ እርስ በርሳቸውም ዓይንና ናጫ ናቸው። ቢራራ በግ ይዞ ገዢ ባነጋገረ ቁጥር ያርጋል ሳይጠሩት ከች ይላል። የበጉን ወገብ ጨበጥ ያደርግና ራሱን ነቅንቆ፣ «ሥጋ አለ፣ ሞራ የለም» ይላል። ገዢውም ይሸሻል። ሃያ ዓመት ሙሉ ያርጋል ከቢራራ እጅ የወጣን አንድ በግ «ሰብቷል» ብሎ አያውቅም፤ ከሰማይ የወረደ ሙክት ቢሆን እንኳ!

ታዲያ ባለፈው ኅዳር የከሳው በጉ ሳይሆን ቢራራ ራሱ ሆነ። ሳሉ ሦስት ሳምንት አልፎ አራተኛውን ያዘ። ሲተኛ ላብ ያጠምቀዋል፤ ቀበቶው ላይም ሁለት ቀዳዳ በሚስማር ጨመረ። ሚስቱ ዘቢደር «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብላ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችው። አክታው ተመረመረና የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ።

«ይድናሉ፣ ጋሼ ቢራራ» አለችው ነርሷ፣ ሲስተር አበባየሁ። «ግን ስድስት ወር ሙሉ ነው፤ አንድ ቀን መዝለል የለም። ካቋረጡ በሽታው መድኃኒቱን ይለምድና ይመለሳል፤ ያኔ ማዳኑ ይከብደናል። በየጠዋቱ ሲውጡ ቆሞ የሚያይልዎ ሰው ያስፈልጋል። ማንን ልጻፍ? ባለቤትዎን?»

ቢራራ ዘቢደርን አያት። ሆዴን አመመኝ ቢላት «እንግዲያው ዛሬ ይቅርብህ» የምትል ሆደ ቡቡ ናት። ወንድሙም ቢሆን በአንድ መለኪያ አረቄ ይታለላል። ቢራራ ደግሞ ራሱን ያውቃል፤ አፉ ማር ነው፣ ለምኖ የማያሳምነው ሰው የለም። ከአንድ ሰው በቀር።

«ያርጋልን ጻፊ» አላት።

ዘቢደር አማተበች። «ጠላትህን?»

«ወዳጅማ ያዝንልኛል» አላት። «ያርጋል ግን አንዲት ጥፋት አያሳልፍልኝም።»

ያርጋል ሲነገረው እንደ ልማዱ አልተሳለቀም። «በስንት ሰዓት?» ብቻ አለ።

ከማግስቱ ጀምሮ ጎሕ ሲቀድ በሩ ላይ ይገተር ጀመር። የመድኃኒቱ ፓኮ ከኮቱ ኪስ አይለይም። «አፍህን ክፈት! ምላስህን አንሳ!» ይላል፤ የበግ ጥርስ እንደሚቆጥር ሰው። አንድ ቀን ቢራራ ክኒኖቹን ጉንጩ ውስጥ ሸጉጦ ሊሸውደው ሞከረ። ያርጋል ግን መድኃኒቱ ሽንት እንደሚያቀላ ከሲስተር ሰምቶ ኖሯል። «እንግዲያው ሽንትህን ሳላይ ከዚህ በር አልነቃነቅም!» ብሎ ጮኸ። ቢራራ ጎረቤት ከመሰብሰቡ በፊት ቶሎ ዋጣቸው።

ጥር መጨረሻ ላይ ሳሉ ጠፋ፤ ምግብ ጣመው፤ ፊቱ ወዛ። ዳባት የአክስቱ ልጅ ሠርግ ነበር። የዳባት ዘመዶቹ ስለ ሕመሙ አልሰሙም፤ ቢሰሙ ዋንጫ ይለዩብኛል ብሎ ይፈራል። «ድኛለሁ፤ ሦስት ቀን ብተወው ምን ይመጣል?» አለና ለያርጋል ሳይናገር በሚኒባስ ሹልክ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ዳሱ ውስጥ የጠላ ዋንጫ ሊያነሣ ሲል፣ ያርጋል ዘቢደርን ጠይቆ ተከትሎት ኖሮ በሩ ላይ ቆሞ አየው። እጁን ከዋንጫው ሰበሰበ። ሃያ ዓመት ገበያ ያበላሸበት ያ አፍ አሁን በዘመድ አዝማድ ፊት ሊያዋርደው ነው!

ያርጋል ግን ሙሽሮቹን መረቀና ፈገግ ብሎ፣ «ለበግ ጉዳይ ፈልጌው ነው፤ አንድ ጊዜ አውሱኝ» አለ።

ከዳሱ ጀርባ ወስዶ ክኒኑንና ውሃውን አቀበለው።

«ድኛለሁ እኮ፣ ያርጋል።»

ያርጋል ወገቡን ጨበጠው። «ሥጋ አለ፣ ሞራ የለም።» ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ታላቅ ወንድሜ ገዱም እንዳንተው በሁለት ወሩ ድኛለሁ ብሎ ተወው። ወዝቶ ነበር። እኔም አመንሁት። በዓመቱ ቀበርሁት።»

ቢራራ ገዱ መሞቱን ያውቃል፤ በምን እንደ ሞተ ግን ሰምቶ አያውቅም። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ለካ ይህ ሰው በየጠዋቱ በሩን የሚደበድበው ለክፋት አልነበረም። አፈረ። ክኒኑን ዋጠና፣ ሳይጠየቅ ምላሱን አነሣ።

ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልተዘለለ። ሁዳዴ ሲገባ የንስሐ አባቱ ቄስ ሰይፈ ሥላሴ «መድኃኒት ጾም አያስገድፍም፤ ዋጥ ልጄ» አሉት። ያርጋል ግን ቄሱ ቢፈቅዱም አፍ መፈተሹን አልተወም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አክታው እንደገና ተመረመረና ንጹሕ ሆነ። ሲስተር አበባየሁ «ድነዋል» ብላ ስትጽፍ ዘቢደር እዚያው እልልታዋን አቀለጠችው፤ ተራ የሚጠብቀው ሕመምተኛ ሁሉ አጨበጨበ። ቢራራ ከጤና ጣቢያው በቀጥታ ወደ በግ ተራ ገሰገሰ። ሕመሙን ካሁን ወዲያ ከማንም አይደብቅም። በገበያተኛው መካከል አልፎ ያርጋል ፊት ደረሰና ጀርባውን ሰጠው።

«በል ጨብጥ!»

ገበያተኛው ዞሮ ከበባቸው። ያርጋል ወገቡን ጨበጠ፤ አንዴ፣ ደግሞ ሁለተኛ። እንደ ልማዱ ራሱን ነቀነቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል።

«ሰብቷል» አለ።

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ቢራራ ሊስቅ አፉን ከፍቶ አለቀሰ። ከወዲያ አንዱ ቀልደኛ «ስንት ትለዋለህ፣ ያርጋል?» ብሎ ጮኸ።

ያርጋል እጁን ከቢራራ ወገብ ሳያነሣ፣ «ይኼ አይሸጥም» አለው።