ወንድሜን የሸሸገው ቲማቲም

ቅጠሉ የፋፋ፣ ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ቲማቲም ስታዩ «እሰይ!» ትላላችሁ አይደል? እኔን ግን ዛሬም ሰውነቴን ይወረኛል።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ሰርቦ በምትባል ትንሽ ከተማ ነበርን። ወጣት ለውትድርና የሚታፈስበት ዘመን ስለነበር ታላቅ ወንድሜን ጓሮ ባለችው የቡና ማስቀመጫ ጎጆ ደበቅነው። የጎጆዋ በር ከመንገድ ይታያል። በመሃል ያለው የአባቴ ቲማቲም ብቻ ነው። አባቴ እንጨት አቁመው፣ ግንዱን በቃጫ እያሰሩ ሽቅብ አሳደጉት። ቅጠሉ ሲሳሳባቸው ለበቆሎ ከተሰጣቸው ዩሪያ ማዳበሪያ ዘግነው ከሥሩ በተኑለት። ሲለመልምላቸው ጊዜ ደገሙት።

ወይ ጉድ፣ እንዴት ያለ ቅጠል ሆነ! ከመንገድ ጎጆዋ ጭራሽ ጠፋች። ጎረቤታችን የሆኑት አሮጊት አጥሩን ተደግፈው፣ «ያ ረቢ! ፍሬው የታለ? ኧረ ቀንጠስ ቀንጠስ አድርጉት፣ ንፋስ ይግባው!» አሉ። አባቴ «እሺ፣ እሺ» አሏቸው። እንዴት ብለው ይቀንጥሱት? እኛ የምንፈልገው ቅጠሉን ነው። ምሳ ሳደርስለት ወንድሜ እየሳቀ፣ «ፍሬውማ እኔ ነኝ» አለኝ።

ክረምቱ በረታ። ዩሪያ የበዛበት ቅጠል ለስላሳ ነው፤ ተደራርቦ ንፋስ ስለማያሳልፍ የጠዋቱ እርጥበት እስከ ቀትር አይለቀውም። በሽታ የሚወደው ይሄንኑ ነው። ያወቅነው በኋላ ነው፤ ምን ዋጋ አለው! መጀመሪያ ታች ያለው ቅጠል ነጠብጣብ አወጣ። አባቴ የደከመ መስሏቸው የቀረውን ዩሪያ ጨመሩበት። ባሰበት። ቅጠሉ ጠቁሮ፣ ሸትቶ ረገፈ፤ የጎጆዋ በር እንደገና ከመንገድ ታየ።

እናቴ ጨነቃት። ብርድ ልብሶቹን ሁሉ አውጥታ እንጨቶቹ ላይ አሰጣች። ዝናቡ እየወረደ እኮ ነው! «እማዬ፣ ተይ፣ ይጠረጥሩናል» ብላት፣ «ምን ላድርግ ታዲያ? ምን ላድርግ?» ብላ አለቀሰች።

ጠመንጃ የያዙ የአብዮት ጥበቃዎች በመንገድ ሲያልፉ በዝናብ የተሰጣውን ብርድ ልብስ አዩ። አንደኛው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና ወደ ጓሮ ዞረ።

ወንድሜን ሲያወጡት አባቴ ቲማቲሙ መሃል ቆመው የታመመ ቅጠል ይቀነጥሱ ነበር። «አባባ፣ አይዞዎት፣ እመለሳለሁ» አላቸው። ቀና ብለው አላዩትም። ጤነኛውንም ቅጠል መቀንጠስ ጀመሩ።

ከዚያ ወዲያ እሱም አልመጣ፣ መርዶውም አልመጣ። መንግሥት ተለወጠ፤ የሰው ልጅ ከየግንባሩ ተመለሰ፤ የኛ የለም። መርዶ ካልመጣ ደግሞ ለቅሶ መቀመጥ አይቻልም። እናቴ ዓመት ከዓመት አንዲት እንባ ሳታፈስ ኖረች።

አባቴ የሞቱ ዕለት ድንኳን ተተከለ፣ ሰርቦ በሙሉ መጣ። እናቴ ደረቷን እየደቃች ጮኸች። የምትጠራው ስም የአባቴ አልነበረም። ለቀስተኛው ሁሉ ሰማ፤ ያረማት ሰው ግን አልነበረም።