ሳሙና የሚበላው ውሃ

ሐሙስ ቀን ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ከገባን አሥራ ዘጠነኛ ቀናችን። ወንድሜ ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ታጠበ። የተኛበትን ጆንያ አራግፎ አጠፈ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው የሸሚዜን ኮሌታ አየና «ይሄን ዛሬ እጠበው። ሰው ታሰረ ማለት ኮሌታው ይጥቆር ማለት አይደለም» አለኝ። ከሌላው ቀን የተለየ ነገር አልነበረውም። የተለየ መሆኑን ያወቅሁት በማግስቱ ነው።

መጋዘኑ ቀድሞ የቡና ነበር። መጀመሪያ ሲያስገቡን ምንም አልታየኝም። ዓይኔ ሲለምድ ከጣሪያው ሥር በተነቀለ ቆርቆሮ በኩል ብርሃን እንደሚገባ አየሁ። ወለሉ ላይ የቡና ገለባ ቀርቷል። ዝናብ ሲጥል የገለባው ሽታ ይነሳል፤ በእኛ አገር ደግሞ የማይዘንብበት ቀን ጥቂት ነው። ከእኛ ሌላ አምስት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱን ብቻ አነሳለሁ። አንደኛው ከሶር ወንዝ አካባቢ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ አባባ እንላቸው ነበር። ሁለተኛው የባጃጅ ሾፌር ነው። አፉ አያርፍም።

ወንድሜ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል። ጋሼ ነበር የምለው። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። መቱ ውስጥ ላውንደሪ ነበረው፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ አብሬው መሥራት ጀመርኩ። የኢሉባቦርን ውሃ ሁሉ ያውቅ ነበር ብል ማጋነን ይሆናል። ግን የትኛው ምንጭ ለነጭ ልብስ እንደሚሆን፣ የትኛው ጉድጓድ አንሶላ እንደሚያደበዝዝ በእጁ ያውቅ ነበር። ውሃውን በሁለት ጣቱ መካከል ከሳሙና ጋር ያሽና «ይሄ ጥሩ ነው»፣ «ይሄ ሳሙና ይበላል» ይል ነበር። ተሳስቶ አላየሁትም።

የታሰርነውም በዚሁ ነገር ነው። ከመቱ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ ከተማ አለች፤ ስሟን አልጽፍም። እዚያ ላለ ፔንሲዮን አንሶላዎቹን በሳምንት አንድ ቀን ሄደን እዚያው እናጥብለት ነበር። ለከተማዋ ሰዎች ከጥልቅ ጉድጓድ የሚመጣ አዲስ የቧንቧ ውሃ ገባላቸው። ሴቶቹ ልብስ ሲያጥቡበት አረፋ አልሰጥ አላቸው። ሳፋው ላይ ነጭ ነገር ይንሳፈፋል። «መርዝ አለበት» የሚል ወሬ ተነሳና ሰው ወደ ወንዙ ተመለሰ።

ስብሰባ ተጠራ። ከሕዝቡ መካከል አንዱ «አጣቢው ይናገር፤ እሱ ውሃ ያውቃል» አለ። ጋሼ ሁለት ብርጭቆ አስመጣ፤ ያዝልኝ አለኝና ያዝኩለት። በአንዱ የምንጭ ውሃ፣ በአንዱ የቧንቧ ውሃ አድርጎ ሳሙና ፋቀበት። ከዚያ በኦሮምኛ «ቢሻን ኩን ሳሙና ኛታ፤ ሱሚ ሚቲ» አለ። ይህ ውሃ ሳሙና ይበላል፤ መርዝ ግን አይደለም ማለቱ ነው። ሰው የፈለገውን ሰምቶ ሄደ። በዚያው ሳምንት ቧንቧው ተሰብሮ ተገኘ። እሱን መርዝ ነው ብለህ ሕዝብ ቀስቅሰሃል ብለው ያዙት። እኔን ብርጭቆ ስለያዝኩ።

ለመፈታት የሚያስፈልገው አንድ ፊርማ ነበር። ወረቀቱ «ውሃው መርዝ ነው ብዬ ለሕዝብ ተናግሬአለሁ፤ ስህተት መሆኑን አምኜ ተጸጽቻለሁ» ይላል። መርማሪው ሲያነብለት አጠገቡ ቆሜ ነበር። ክፉ ሰው አይመስልም። የደከመው ሰው ነው።

«ፈርምና ወንድምህን ይዘህ ሂድ። ምን ያስቸግርሃል?»

«መርዝ የሚለውን ሰርዙልኝና ሳሙና ይበላል ብላችሁ ጻፉ። አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

«ሳሙና ይበላል ያለ ሰው ይታሰራል እንዴ?»

«እኔም እሱን ልጠይቅዎት ነበር» አለ ጋሼ።

መርማሪው ሊስቅ ብሎ ተወው። ወደ መጋዘኑ መለሱን።

የባጃጅ ሾፌሩ ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። «ጋሽ ሳሙና፣ አንዲት ፊርማ እኮ ናት! እኔ ትራፊክ ባስቆመኝ ቁጥር እፈርማለሁ።»

«አንተ ስትፈርም ማን ይታመማል?»

«እኔ ነኛ! ደሞ ማን ሊታመም?»

ጋሼ ሳቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳው። «እኔ ከፈረምኩ ወረቀቱ ስብሰባ ላይ ይነበባል። ሰው ተጸጽቻለሁ የምትለዋን አይሰማትም። አጣቢው መርዝ ነው ብሎ ነበር፣ አስረው አስካዱት ነው የሚለው። ከዚያ ልጆቹን የወንዝ ውሃ ሲያጠጣ ይከርማል። እኔ ቤቴ ገብቼ እነዚያ ልጆች ሲታመሙ ምን ልበል?»

አባባ «ዱጋ» አሉ፣ እውነት ነው እንደማለት።

ወንድሜ የልብ ሕመም ነበረበት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ። በየቀኑ የሚውጠው ኪኒን አልቆ ነበር። እህታችን ከመቱ ይዛለት ብትመጣ በር ላይ ጠባቂዎቹ «ያለ ሐኪም ወረቀት መድኃኒት አይገባም» አሏት። ወረቀቱን ልታመጣ ተመለሰች። ይህ ከሆነ ስድስት ቀን ሆኖታል። እግሩ ማበጥ ጀምሮ ነበር። ስጠይቀው «ብዙ ስለተቀመጥኩ ነው» ይለኛል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አለቆቹ ወጣ ሲሉ ከጠባቂዎቹ አንዱ ገባ። ወጣት ነው፤ የዚያች የቧንቧዋ ከተማ ሰው፤ ከተማዋ ከመጋዘኑ ብዙ አትርቅም። ሌላ ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ «አንተ ሳሙና፣ ና ውጣ!» የሚለው እሱ ነበር። አሁን ከዝናብ ካፖርቱ ሥር ሁለት ትልልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አውጥቶ ጋሼ ፊት ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

«ኧረ! ዛሬ ደግሞ እርስዎ ሆኑ» አለ ሾፌሩ።

«ዝም በል አንተ» አሉት አባባ።

ጠባቂው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሴት ልጅ አለችኝ። ገና መራመዷ ነው። ባለቤቴ ቧንቧው ከተጠገነም በኋላ ፈርታው ከወንዝ ነው የምትቀዳው። ሳምንቱን ሙሉ ሲያስቀምጣት ሰነበተ፤ ከሳች። አንዱ የቧንቧው ነው፤ አንዱን ከቤቴ አሸንዳ ያጠራቀምኩት የዝናብ ውሃ ነው። እውነቱን ይንገሩኝ።»

ጋሼ ጠርሙሶቹን ሊነካ እጁን ሰደደና መለሰው። «የቱ የቱ እንደሆነ አትንገረኝ» አለ። ሁለት ትንንሽ ባዶ ጠርሙሶች አቀበለውና ጀርባውን ሰጠን። ጠባቂው ቀዳ። ጋሼ ዞሮ ውሃዎቹን በጣቱ ለካ፤ አንዱ ትንሽ በልጦ ስለነበር ትርፉን አፈሰሰ። ምላጭ አይፈቀድም። ከልብስ ሳሙናችን በአውራ ጣቱ ጥፍር እየፋቀ እኩል እኩል ፍርፋሪ ጨመረባቸው። አንዱን ለአባባ፣ አንዱን ለእኔ ሰጠን። «እኩል ነቅንቁ። እስከ ሃያ።»

ሾፌሩ እንደ ስፖርት መምህር ጮክ ብሎ ቆጠረልን። አባባ አሥራ ሁለት ላይ ደክሟቸው ነበር፤ ግን ጨረሱ።

የአባባ ጠርሙስ እስከ አንገቱ አረፋ ሞላ፤ ከሥሩ ያለው ውሃ ጥርት ብሏል። የእኔ አረፋ ትንሽ ብቅ ብሎ ጠፋ። ውሃው ነጣ፤ እንደ ተበላሸ ወተት የረጋ ነገር ይዋኝበታል።

«የአባባ የዝናቡ ነው» አለ ጋሼ። ጠባቂው ራሱን ነቅንቆ አረጋገጠ።

ትምህርት ቤት ጠጣር ውሃና ለስላሳ ውሃ ብለው እንዳስተማሩን ትዝ ብሎኝ ተናገርኩ።

«ለስላሳ ካለ ለእኔ ይምጣልኝ» አለ ሾፌሩ። «ከታሰርኩ ወዲህ አልቀመስኩም።»

ጠባቂው ግን አልሳቀም። የኔን ጠርሙስ ትክ ብሎ ያያል። «ይኸው! መርዙ ታየ!»

«መርዝ አይደለም፤ ሳሙናዬ ነው» አለው ጋሼ። «ውሃው በድንጋይ መካከል ሲመጣ የያዘው ኖራ መሰል ነገር አለ። ከሳሙና ጋር ሲገናኝ እንዲህ ይረጋል። ሳሙናህን ይጨርስብሃል እንጂ ሌላ አያደርግህም።»

ሾፌሩ ጠጋ አለ። «ቆይ፣ ሳሙና መርዝም ይለያል?»

«አይለይም» አለ ጋሼ ወዲያው። «ሳሙና የሚናገረው ይህንኑ ብቻ ነው። መርዝ እንደሌለው የነገረኝ ሳሙናው አይደለም። እዚያ ከተማ ስሠራ ሁለት ወር በየሳምንቱ ጠጥቼዋለሁ፤ የፔንሲዮኑ ሰዎችም በየቀኑ ይጠጡታል። የማውቀው ይህን ያህል ነው።»

ከዚያ ከትልቁ የቧንቧ ውሃ ጠርሙስ በኩባያው ሞልቶ ቀዳና ጠባቂው እያየው እስከ ሥሩ ጠጣ። አፉን ጠረገ። «ለልጅቷ ይሄንኑ አፍልተህ፣ አብርደህ ስጣት። የወንዙን ተወው። ለልብሷ የዝናቡን አጠራቅም።»

ጠባቂው ተነሳ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለና ወጣ። የተረፈውን ውሃ ትቶልን ነበር። ወንድሜ ትንሽ ደክሞኛል ብሎ ገና በብርሃን ጋደም አለ።

ቀጥሎ ያለውን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ። ዛሬ ላውንደሪውን የምሠራው እኔ ነኝ። ደንበኞች ስለ ወንድሜ ሲያነሱ ጀግና ነበር ይሉኛል። እኔ እንጃ። እኔ የማውቀው የሚያውቀውንና የማያውቀውን ሳይደባልቅ የሚናገር ሰው እንደነበረ ነው። ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ እንደሱ ያለ አላጋጠመኝም። እንደሱ ለመሆን የሞከርኩት አንድ ጊዜ ነው። ያንንም ልተወው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ለቆጠራ ሲጠሩን ጋሼ አልተነሳም። ነካሁት። ቀዝቅዟል። አባባ መጥተው ዓይኖቹን ከደኑ፤ ነጠላቸውን አልብሰውት አጠገቡ ተንበረከኩ። እኔ አላለቀስኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሾፌሩ ያን ቀን ጠዋት እንደሚፈታ ተነግሮት ዕቃውን ጠቅልሎ ነበር። የቧንቧውን ውሃ ጠርሙስ አየ፤ እኔን አየ። «ውሃው ነው» አለ። «ትናንት የጠጣው ውሃ ነው። ቆይ ልውጣ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ከቡሬ እስከ መቱ ያልሰማ ሾፌር አይኖርም።»

ማንም አይደለም አላለም።

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ያሰሩት ባልተናገረው ቃል ነው። አሁን ቃሉ ያለ እሱ ይነገራል፤ መንገዱን በሙሉ ማሰር አይችሉም። ቧንቧቸው ደርቆ ይቅር አልኩ በሆዴ። እኔ ከዝምታ በቀር ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም ነበር።

የትናንቱ ጠባቂ በሩ ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ያለውን ሰምቷል። ፊቱ አመድ መስሏል። «አጠጥቻታለሁ» አለ። «ማታም ጠዋትም። እሳቸው ስላሉኝ።» ወደ ቤቱ ሊሮጥ ዞረ። ሄዶ ምን እንደሚያደርግ ገባኝ፤ እንስራውን ደፍቶ ሚስቱን ወደ ወንዝ ይልካታል። ከእሷ ኋላ ሌሎቹ።

«ቆይ» አልኩት።

እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። ሳሙና መርዝ አይለይም ያለን ራሱ ጋሼ ነው። እሱ ደግሞ እዚያ ተጋድሟል። ጠርሙሱን አነሳሁ። ግማሽ ያህል ቀርቶታል። ቆሜ በሙሉ ጠጣሁት። ሆዴ ባዶ ስለነበር ቅዝቃዜው እስከ ታች ተሰማኝ።

ከዚያ ሾፌሩን «ወንድሜ የሞተው በልቡ ነው» አልኩት። «ኪኒኑን በር ላይ ከልክለውት ነው። ውሃው አይደለም። ስታወራ ሁለቱንም አውራ። አንዱን ብቻ ከሆነ ግን አታውራ።»

ሾፌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቀልድ አየኝ። «ሁለቱንም» አለ።

ጠባቂው ቆቡን አውልቆ ቆመ። ወደ ቤቱ አልሮጠም፤ እኔን ያያል። ሁሉም እኔን ያያሉ፤ እወድቅ እንደሆነ። አስከሬኑን የሚወስደው መኪና እስኪመጣ ብዙ ቆየ። እኔ ወንድሜ አጠገብ፣ ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ፣ በደንብ እንዲያዩኝ ጀርባዬን አቅንቼ ተቀመጥኩ።