የማንጋቴኑ ጉድጓድና የእኔ ጋውን

ጁባ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ እሠራለሁ። ሥራዬ ውሃ ውስጥ የገቡ፣ እንደ ነዳጅ ቶሎ የሚተኑ ኬሚካሎችን በማሽን መፈለግ ነው። እነዚህ ነገሮች ከውሃው ብቻ ሳይሆን ከክፍሉ አየርም ይመጣሉ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ናሙና በፊት ምንም የሌለበት ንጹህ ውሃ ለማሽኑ እሰጣለሁ። ንጹሁ ውሃ ላይ አንዳች ነገር ከታየ ችግሩ ያለው እኛው ዘንድ ነው። በዚህ ጉዳይ ቀልድ አላውቅም። እሁድ ለአምልኮ ስሄድ እንኳ ሽቶ መቀባት ትቻለሁ።

በዝናቡ ወራት ማንጋቴን ከሚባል የጁባ ሰፈር የአንድ ጉድጓድ ውሃ መጣልን። ነዳጅ ሳይገባበት አልቀረም ተብሎ ፓምፑ ተቆልፏል፤ ሰፈሩም ከቦቴ እየገዛ ይጠጣል። ማሽኑ የነዳጅ ምልክት አሳየ። ንጹሁ ውሃም ያንኑ አሳየ።

ያን ጊዜ አበድኩ። የጥበቃውን ሞተር ብስክሌት ከግቢ አስወጣሁ። ሳኒታይዘሩን፣ ማርከሩን፣ የወለል ማጽጃውን ለቅሜ ውጭ ደረደርኩ። ጸሐፊዋ ጥፍሯን ቀለም ተቀብታ ብትመጣ ከበሩ መለስኳት። ሦስት ቀን ሙሉ ሰላም የሚለኝ ጠፋ። ምልክቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

አለቃችን አዲስ አበባ ያደገ ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል።

«ኻላስ፣ እህቴ! በቃ ሪፖርቱን ላኪውና ጉድጓዱ እስከወዲያኛው ይዘጋ» አለኝ።

«አልፈርምም።»

«እንግዲያው እስከ ነገ ብቻ» ብሎኝ ወጣ።

ያልመረመርኩት ምን ቀረ ብዬ ዙሪያዬን ሳይ የቀረሁት እኔው ነበርኩ። በዝናብ ጊዜ ልብስ አልደርቅ ስለሚል ሁላችንም ጄኔሬተር ቤት እንሰቅላለን፤ ሙቀቱ ወዲያው ያደርቀዋል። እኔም ነጩን ጋውኔን አጥቤ የምሰቅለው እዚያው፣ ከነዳጁ በርሜል በላይ ነው። በዚያ ንጣቱ ስንቴ ኮርቻለሁ! ጋውኑን ከአንድ ብርጭቆ ንጹህ ውሃ ጋር ክዳን ባለው የብረት ሳጥን ዘግቼ አቆየሁና ውሃውን ለማሽኑ ሰጠሁት። ምልክቱ ጣሪያ ነካ። ፊቴ በእፍረት ጋለ።

በማግስቱ ማለዳ ቤቴ መስኮት ላይ የደረቀ ሌላ ጋውን ይዤ ማንጋቴን ሄድኩ፤ ፓምፑን አስከፍቼም አዲስ ናሙና ቀዳሁ። ላቦራቶሪ ተመልሼ ስመረምር ንጹሁ ውሃ ንጹህ ሆኖ ወጣ። የጉድጓዱም ውሃ እንዲሁ። ጌታን አመስግኜ ጥበቃውንና ጸሐፊዋን ይቅርታ ጠየቅኩ፤ እሷ እስክትጠግብ ሳቀችብኝ።

ሪፖርቱ ላይ የመጀመሪያው ውጤት ለምን እንደተሰረዘ የሚጻፍበት መስመር አለ።

«የቴክኒክ ችግር በይው» አለኝ አለቃዬ፣ ለእኔው አዝኖ። «ራስሽን ለምን ታጋልጫለሽ?»

እሱ ቆሞ እያየኝ «ብክለቱ የመጣው ከመርማሪዋ ጋውን ነው» ብዬ ጻፍኩ። እሱም ማህተሙን አቀበለኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ፓምፑ ለሰፈሩ ተከፈተ። ብዙ ወረቀት ላይ ፈርሜአለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ስሜን አሳምሬ ጽፌ አላውቅም።