በፓስፖርት ታላቄ የሆነው ወንድሜ

ሰሞኑን ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ስጠብቅ ከአንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት የጋለ ፕላስቲክ ሽታ መጣብኝ። የሰው መታወቂያ ላሚኔት እያደረጉ ነበር። አጠገቤ የቆመው ሰው ምንም አልመሰለውም፤ እኔ ግን አፍንጫዬን ይዤ ራቅ አልኩ። ይህን ሽታ በልጅነቴ ለፓስፖርት ወረቀት ስንሯሯጥ እስኪበቃኝ ጠግቤዋለሁ።

አባቴ ደቡብ አፍሪካ የሄደው እናቴ ወንድሜን አርግዛ ሳለ ነው። እኔ ጺሙ ጉንጬን ሲወጋኝ፣ ከሥራ ሲመጣ ልብሱ ቀለም ቀለም ሲሸተኝ አስታውሳለሁ። ወንድሜ ግን ከስልክ ውጪ አባት አያውቅም፤ «አባባን ሳመው» ሲሉት ስልኩን ነበር የሚስመው። እናቴን ከሁሉ የሚያንገበግባት ይኸው ነበር። አባቴ እዚያ ሱቅ ከፍቶ ትንሽ ደህና ሲሆን «ኑ» አለን፤ እሷም ልጁ ነፍስ ሳያውቅ አባቱ ጋ ለማድረስ ተነሣች።

ልጅ ይዞ አገር መሻገር እንዲህ መከራ መሆኑን ማን ነግሮን! ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ፓስፖርት፣ የሁለቱም ወላጆች ስም ያለበት የልደት ሰርተፊኬት፣ አብሮ የማይጓዘው ወላጅ ደግሞ የፈቃድ ደብዳቤ። «አባታቸው ጋ ለመሄድ የአባታቸው ፈቃድ!» እያለች እናቴ ትስቅ ነበር። ያኔ ገና ትስቅ ነበር።

ፎርሙን የሞላልን አንድ የኮምፒውተር ቤት ጎረምሳ ነው። የእናቴንና የእኔን የልደት ዘመን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር እየቀየረ ጻፈ። ወንድሜ ጋ ሲደርስ መብራት ጠፋ። የመንገዱ ጄኔሬተሮች ሁሉ አንድ ላይ ጮኹ፤ ቤቱን የናፍጣ ጭስ ሞላው፤ ወንድሜም ለቅሶውን ለቀቀው። መብራቱ ሲመጣ ጎረምሳው ቸኩሎ ነው መሰለኝ፣ የወንድሜን ዓመት ሳይቀይር በእኛው አቆጣጠር እንዳለ አስገባው። እናቴ ያየችው ስሙንና ፎቶውን ብቻ ነው። ፓስፖርቱ ሲወጣም ልብ ያለ አልነበረም።

ጉዱ የወጣው ቪዛ የምንጠይቅበት መስኮት ላይ ነው።

«ይሄ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«አራት።»

«ፓስፖርቱ አሥራ ሁለት ነው የሚለው።»

እናቴ ወንድሜን ብብቱን ይዛ እስከ መስታወቱ ድረስ አነሣችው። ብስኩት እየበላ ነበር፤ ፍርፋሪው አገጩ ላይ ተለጥፏል። «ይኸውልሽ እህቴ፣ እዪው! ይሄ አሥራ ሁለት ዓመት ይመስላል?»

«እኔ የማየው ወረቀቱን ነው» አለች ሴትዮዋ። ድምፅዋ ክፉ አልነበረም፤ እኔን ያናደደኝም እሱ ነው። እኔ አሥር ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ በፓስፖርት ታላቄ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ምን ልበልህ። ወረዳ ስንሄድ «እኛ ጋ ልክ ነው፣ ያበላሹት ያስተካክሉ» ይሉናል። ፓስፖርት የሚሰጡት ጋ ስንሄድ «ከወረዳ ደብዳቤ አምጡ»። ደብዳቤው ሲገኝ ሲስተም የለም። ሲስተም ሲመጣ ፈራሚው የለም። እናቴ ወንድሜን አዝላ፣ እኔ የወረቀቶቹን ፌስታል ይዤ፣ ፀሐይ ላይ ተሰልፈን ዋልን።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ቤተ ክርስቲያን ነበር። ጉባኤው «ሊሄዱ ነው» ብሎ አስቀድሞ እጁን ጭኖ ጸልዮ፣ አልቅሶ ሸኝቶናል። አልጋችንንም ሸጠናል። በየእሁዱ ተመልሰን ስንቀመጥ «ውይ፣ አልሄዳችሁም እንዴ?» የማይለን አልነበረም። እናቴ «የጌታ ጊዜ አልደረሰም» ትላለች፤ ቤት ስንገባ ግን መሬት የተነጠፈው ፍራሽ ላይ ፊቷን አዙራ ትተኛለች።

የእናቴና የእኔ ቪዛ መጣ። የወንድሜ አልመጣም። አባቴ በስልክ «አንቺ ልጅቷን ይዘሽ ቅደሚ፤ እሱን እህትሽ ፉሪ ትያዘው» አላት። እናቴ ግን «አንዷን ይዤ አንዱን ጥዬ? አይሆንም» አለች። መሄድ እንዴት እንዳማረኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ግን ደግሞ ወንድሜን ጥለን ብንሄድ እናቴን መቼም ይቅር የምላት አይመስለኝም። ፓስፖርቱ ታርሞ ሲመጣ የእኛ ቪዛ ተቃጥሏል፤ የአባቴም ደብዳቤ ጊዜው አልፏል። እንደገና ልንጀምር ስንል እዚያ የአባቴ ሱቅ ተዘረፈ።

አባቴ ራሱ መጣ፤ አንድ ሻንጣ ይዞ፣ ጺሙ ሸብቶ። ቦሌ ስንቀበለው እኔ ሮጬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ወንድሜ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ወጥቶ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ጋሼ» አለው።

አባቴ ሳቀ። እጁንም ጨበጠው። ከዚያ የሻንጣውን ማሰሪያ የሚያስተካክል መስሎ ብዙ አጎነበሰ።

አሁን ሁላችንም እዚሁ ሀና ማርያም አንድ ቤት ነን። ወንድሜ ጎረምሳ ሆኗል። ጫማ ሲፈልግ፣ ጓደኞቹ ጋ መሄድ ሲያምረው ወደ እኔ ይመጣል። «አባባን ንገሪልኝ» ይለኛል ቀስ ብሎ። አባባ በስስ ግድግዳ ማዶ ተቀምጦ ሁሉንም ይሰማል። ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ እኔ ሄጄ እስክነግረው ይጠብቃል።