የእናቱ ስም ማን ነው?

ሌኦቪሂልዶ ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ አድሏል፤ አራት ጊዜ ውሻ ነክሶታል። ጡረታ ከወጣ በኋላ የመገናኛ ሬዲዮ ፈቃድ ፈተና ወሰደ፤ ሁለት ጊዜ ወድቆ በሦስተኛው አለፈ። የሚመኘው ማይክ ፊት መቀመጥን ብቻ ነበር።

በአደጋ ጊዜ የሬዲዮ በጎ ፈቃደኞችን የምትመድበው መምህርት ኔሬይዳ ግን ማይኩን የጭፈራ ቤት አስተዋዋቂ ለነበረው ለዮስቫኒ ሰጠች። ለሌኦቪሂልዶ በሩ አጠገብ ወንበርና እርሳስ ደረሰው፤ ሥራው የመጣውን መልእክት አንብቦ ለሚመለከተው ሰው ማድረስ ሆነ።

"መምህርት፣ የተፈተንኩት ለዘበኝነት ነው እንዴ?" አላት።

አንተ የመጣውን ብቻ አንብብ አለችው። ለምን እንዳለችው አልገባውም።

አውሎ ነፋሱ የባሕር ዳርቻ ከተማችንን ባራኮዋን መትቶ ባለፈ ማግስት መንገዱም ስልኩም ተቆርጦ ነበር። ከቀትር በኋላ ከወንዙ ማዶ ካለው መጠለያ የተረፉ ሰዎች ስም በሬዲዮ ይመጣ ጀመር። ዮስቫኒ ባትሪው ሳያልቅ ለመጨረስ እያሳጠረ ጻፈ። አንዱ መስመር "ሮሴንዶ ላፊታ፣ በሕይወት አለ" ይላል።

ሶራይዳ ከማለዳ ጀምሮ ደጅ ቆማለች። ባሏና ልጇ በአንድ ጀልባ ወጥተው አልተመለሱም።

"ተነስ እንጂ ሽማግሌው፣ አንድ ቀን እንኳ የምሥራች አድርስ" አለ ዮስቫኒ።

ሌኦቪሂልዶ አልተነሳም። የሶራይዳ ባልም ልጇም ስማቸው ሮሴንዶ ላፊታ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ከአባቱ ቤተሰብ ስም ቀጥሎ የእናቱን ቤተሰብ ስም ይይዛል፤ ዮስቫኒ ለማሳጠር የዘለለው እሱን ነው። ሌኦቪሂልዶ የሁለቱን ደብዳቤ ዕድሜ ልኩን የለየው በዚያ ነበር።

"የእናቱ ስም የታለ?"

"ሰውየው ተርፏል፤ እናቱን ምን ያደርግልሃል?"

"ታዲያ ምን ልበላት? ባልሽ ነው ልበላት ወይስ ልጅሽ?"

ዮስቫኒ ወረቀቱን ገልብጦ አየው፤ ከጀርባው የሚያገኝ ይመስል። ኔሬይዳ ማይኩን ወደ ሌኦቪሂልዶ ገፋችለት። ያጠናው ሁሉ ጠፋበት፤ አዝራሩን ሳይጫን ጠየቀ፣ ጠይቆ ሲጨርስ ተጫነው። ማዶ ያሉት አልተሰማም አሉ። ዮስቫኒ ተቀበለውና ጥያቄውን በዚያ ጥርት ባለ ድምፁ ደገመው። ብዙ ቆይቶ መልስ መጣ፦ ኮባስ። የሶራይዳ ቤተሰብ ስም ነው።

ሌላ ላፊታ እንዳለ ጠየቁ። እስካሁን የለም ተባሉ።

ሌኦቪሂልዶ ወጣ። ሶራይዳ የዮስቫኒን ጥያቄ ከደጅ ሰምታ ነበር፤ ፊቱን አይታ ግን ምንም ልታነብበት አልቻለችም።

"የትኛው ነው?"

"ልጅሽ" አላትና ከወረቀቱ አነበበላት፦ "ሮሴንዶ ላፊታ ኮባስ፣ በሕይወት አለ።"

እልል ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። "አባቱስ?"

"ዝርዝሩ ገና አላለቀም" አላት። እውነት ይሁን ማጽናኛ እሱም አላወቀም። ሶራይዳ እጅጌውን ይዛ፣ መሳቅ ይሁን ማልቀስ የሚገባት ጠፍቷት፣ እንደገና አንብብልኝ አለችው።